ጨፌው ባዶ መሬት አይደለም፦ «ከወፍ ሰው ይቅደም» ለሚለው ክርክር የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ብዙ ሰው የተቀባበለውን አንድ ጽሑፍ አነበብኩ። ለአእዋፍ ተብለው የሚጠበቁ ጨፌዎችና የሣር ሜዳዎች ታርሰው እህል ይዘራባቸው የሚል ነው። አጻጻፉ ይጥማል። ቁጣውም ከክፉ ልብ የመነጨ አይመስለኝም። ዳቦ በተወደደበት አገር ስለ ወፍ መጨነቅ ቅንጦት የሚመስለው ሰው ብዙ ነው።

ጸሐፊው የሚሉት ባጭሩ ይኸው ነው። ቦታዎቹ ባዶ ናቸው። ወፎቹ የፈረንጅ ጉዳይ ናቸው። ክንፍ ስላላቸው ሌላ ቦታ ይሄዳሉ። ጥበቃ ማለት ድሃውን ከመሬቱ ማፈናቀል ነው። ያደጉት አገሮችም ረግረጋቸውን አድርቀው ነው ያደጉት። ለምሳሌ የጠቀሱት በርጋንና የሊበንን ሜዳ ነው። እኔም ከሁለቱ ብዙ አልርቅም።

«ባዶ መሬት» ከሚለው ልጀምር። የቀረው ክርክር ሁሉ የቆመው እሱ ላይ ነውና።

በርጋ ከአዲስ አበባ ወደ ምዕራብ፣ አዲስ ዓለም አካባቢ የሚገኝ ጨፌ ነው። ክረምት ላይ ወንዙ ሞልቶ ሜዳው ላይ ይተኛል። ሣሩ ከውሃው ውስጥ ብቅ ይላል። ከመንገድ ዳር ቆሞ ለሚያየው ሰው እውነትም ባዶ ይመስላል። ቤት የለም፣ አዝመራ የለም፣ ከብት እንኳ የለም። ከብት የሌለው ግን ቦታው ስለተረሳ አይደለም፤ ስለተከለከለ ነው። ሣሩ እስኪደርስ ከብት እንዳይገባበት ነዋሪው ተስማምቷል። ክረምቱ ወጥቶ ውሃው ሲጎድል ሣሩ ይታጨዳል፣ ይደርቃል፣ ይከመራል። በጋውን ከብቱን ይዞ የሚያከርመው ያ ክምር ነው። የተረፈው ይሸጣል።

የአዲስ አበባ ሰው ይህን ለማየት ሩቅ መሄድ የለበትም። ክረምቱ ካለፈ በኋላ በሱሉልታ መንገድ ብቅ ይበል። ድርቆሽ እስከ አናታቸው የጫኑ አይሱዙዎች ወደ ከተማ ሲወርዱ ያያል። ከተማ ውስጥ፣ ጓሮው ሁለት ሦስት ላም የሚያልብ ሰው ይህን ጉዳይ ከእኔ በላይ ያውቀዋል። ድርቆሽ ሲወደድ ወተት ይወደዳል። ጸሐፊው «ምንም የማያመርት» ያሉት መሬት እንግዲህ ይህን የሚያመርተው ነው። ማዳበሪያ አልተገዛለትም፤ ምርጥ ዘርም አልፈለገም። የሚፈልገው ውሃና በጊዜው መተው ብቻ ነው።

አሁን በርጋ ላይ ወደምትራባው ወፍ እንምጣ። ጸሐፊው «አንዲት የማትታይ ወፍ» ብለው ቀልደውባታል። ቀልዱ ከእውነቱ ብዙም አልራቀም፤ በእርግጥም አትታይም። በእንግሊዝኛው ዋይት ዊንግድ ፍላፍቴል ይሏታል። ከድንቢጥ ብዙ አትበልጥም። ቀኑን ሙሉ ጨፌው ሥር ሥሩን እንደ አይጥ ትሽሎከሎካለች። እግር ሥሯ ካልደረሱባት በቀር አትነሳም። ስትነሳም ነጭ ክንፏን ለአፍታ አሳይታ ትንሽ እልፍ ብላ ሣሩ ውስጥ ትወድቃለች፤ በቃ፣ አለቀ። በዓለም ላይ የቀሩት ለመራባት የደረሱት ከ250 አይበልጡም ተብሎ ይገመታል። በኢትዮጵያ እንደምትራባ የተረጋገጠው በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. በርጋ ላይ ነው። ከእኛ ውጭ በዋናነት የምትታወቀው በደቡብ አፍሪካ ሲሆን፣ እዚያ መራባቷ የታወቀው ገና በ2018 እ.ኤ.አ. በካሜራ ወጥመድ፣ ማለት እንስሳ ሲያልፍ ራሱ ፎቶ በሚያነሳ ካሜራ ነው።

ጎጆዋን የምትሠራው በሐምሌና በነሐሴ፣ ስስ ውሃ የተኛበት ሣር ውስጥ ነው። በነዚያ ሳምንታት ከብት ከገባ ጎጆው ይረገጣል። እስቲ በነዚያው ሳምንታት ከብት ቢገባ ሣሩ ምን እንደሚሆን አርሶ አደሩን ጠይቁት። ጭቃ ይሆናል። የሚታጨድ አይኖርም። ወፏን የሚያድናት «ሣሩ እስኪደርስ አትግቡ» የሚለው ደንብ የበጋውን ድርቆሽ የሚያድነው ደንብ ነው። አርሶ አደሩ የሚተወው ነገር የለም አልልም፤ የክረምቱን ግጦሽ ይተዋል። የሚያገኘው ደግሞ በጋ ላይ ነው፣ ከብት ሣር በሚያጣበት ወቅት። ይህን ስሌት የሠራለት የወፍ ባለሙያ አይደለም፤ ራሱ ያውቀዋል። የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር ከነዋሪው ጋር ሲሠራ ያደረገው ትልቁ ነገር ስምምነቱ እንዲጠናከር ማገዝ ነው። በአካባቢው ትምህርት ቤትም ተሠርቷል። ጸሐፊው ስለ ወፏ ብዙ ጽፈው ስለ ትምህርት ቤቱ አንድ መስመር አለመጻፋቸው ትንሽ ገርሞኛል።

«ስንዴ ቢዘራበትስ?» ይላሉ። ስንዴ ለመዝራት ጨፌውን ማድረቅ ግድ ነው። ቦይ ይቆፈራል፤ ውሃው ይወርዳል። ወዴት? የበርጋ ወንዝ የአዋሽ ገባር ነው። ክረምት ላይ ሜዳው ላይ ተኝቶ ቀስ እያለ የሚለቀቀው ውሃ በአንድ ጊዜ ይሮጣል። አፈሩንም ይዞ ይሮጣል። ታች ኮካ ግድብ በደለል ስንት ዓመት ሲቸገር እንደኖረ የማያውቅ የለም። እንግዲህ የአንዱን ሜዳ ስንዴ ሒሳብ ስንሠራ ይህንንም አብረን እናስላ።

ሌላም ጥያቄ አለ፤ ለእኔ እንዲያውም ዋናው እሱ ነው። ጨፌው የወል መሬት ነው። ሲታረስ የማን ይሆናል? ልምዳችንን እናውቃለን። አንድ የወል ግጦሽ «ባዶ ነው» ተብሎ ወረቀት ላይ ከተጻፈ፣ ወይ ለባለሀብት ወይ ለጥቂት ሰዎች ይሸነሸናል። መቶ አባወራ ከብቱን ያሰማራበት የነበረው ሜዳ የአሥር ሰው ማሳ ይሆናል። ጸሐፊው የድሃውን ጥብቅና ይዘው የተነሱ ሰው ናቸው። ስለዚህ ይህን ማየት ነበረባቸው። መሬት የሌለው ሰው ያለችው ላም ብቻ ከሆነች፣ ያለው ግጦሽ ደግሞ የወል ከሆነ፣ ሜዳውን ስታርሱበት የወሰዳችሁት ከማን ነው?

«የፈረንጅ ጉዳይ ነው» ለሚለው ረጅም መልስ አልሰጥም። ከላይ የጠቀስኩት ማኅበር የተመሠረተው በ1966 እ.ኤ.አ. ነው። በ1996 እ.ኤ.አ. ደግሞ በአገሪቱ ለአእዋፍ እጅግ ጠቃሚ ናቸው ያላቸውን 69 ቦታዎች ለይቶ አሳትሟል። ሥራው የኢትዮጵያውያን ሥራ ነው። የውጭ ገንዘብ አለበት? አዎ፣ አለበት። የጤና ጣቢያዎቻችን ክትባት ላይስ የውጭ ገንዘብ የለም እንዴ?

እዚህ ላይ ግን ጸሐፊው አንድ እውነት ነክተዋል። የፕሮጀክት ሥራ በጀቱ ሲያልቅ አብሮ ያልቃል። ሰሌዳው ዝጎ ይቆማል፤ ጠባቂ ተብለው የተቀጠሩት ወጣቶች ወደ ቤታቸው ይገባሉ። «ቱሪስት ይመጣላችኋል» እየተባለ የሚነገረውም ላም አለኝ በሰማይ ዓይነት ነገር ነው። ወፍ ለማየት በክረምት ጭቃ ውስጥ የሚገባ ቱሪስት ስንት ይሆናል? በቱሪስት ተስፋ ላይ የቆመ ጥበቃ ቱሪስቱ በቀረ ቀን ይወድቃል። በሣር ላይ የቆመው ግን ከብት እስካለ ድረስ ምክንያት አያጣም። በዚህ ነጥብ ከጸሐፊው ጋር አልጣላም።

«ወፍ ክንፍ አለው፣ ይሄዳል» የሚለው ደግሞ ሲሰሙት አሳማኝ ነው። ወዴት ነው የሚሄደው? አብያታን እንውሰድ። ሐይቁ መውጫ የለውም። ውሃ የሚያገኘው በዋናነት ከዝዋይ በቡልቡላ ወንዝ በኩል፣ ጥቂትም ከላንጋኖ ነው። ከላይ ለመስኖ ውሃው ተሳበ። ከራሱ ከሐይቁም ሶዳ አሽ ለሚባለው የፋብሪካ ጥሬ ዕቃ ተቀዳ። ሐይቁ ሸሸ፤ ጨውነቱ በረታ፤ ዓሣው አለቀ። አጠገቡ ባለው ሻላ ሐይቅ ደሴት ላይ የሚራቡት ፔሊካኖች ጫጩታቸውን የሚመግቡት ከአብያታ በሚያጠምዱት ዓሣ ነበር። ሻላ ጥልቅ ነው፤ ለነሱ የሚበቃ ዓሣ ግን የለውም። ታዲያ በክንፋቸው ወደ ሌላ ሐይቅ ሄዱ፤ መንገዱ ረዘመ፤ ደሴቱ ላይ የሚራባውም ቁጥር በእጅጉ ቀነሰ። ክንፍ ያለው ወፉ እንጂ ጫጩቱ አይደለም። ዓሣ አጥማጁም ክንፍ የለውም። የአብያታ ዓሣ ሲያልቅ መረቡን ይዞ የትም አልበረረም።

ሐረማያንም ሁሉም ያስታውሰዋል። ሐይቁ ሲደርቅ የወፎቹ መጥፋት ብዙ ሰው አላሳሰበም። የሐረር ቧንቧ ሲደርቅ ግን አሳሰበ። ከተማዋ ከሩቅ ቧንቧ ዘርግታ ነው ውሃ ያገኘችው። ዛሬ ሐይቁ ውሃ ይዞ እንደገና መታየቱ ደስ ይላል። ያ ሁሉ ዓመት ግን በነጻ አላለፈም።

አሁን ወደ ሊበን። ጸሐፊው ከሁሉም በላይ የተሳሳቱት እዚህ ይመስለኛል። እንደሳቸው አባባል «ለአንዲት ቡናማ ወፍ ሲባል አርብቶ አደሩ ሜዳውን ተከለከለ»።

የሊበን ሜዳ በነገሌ ቦረና አጠገብ ያለ ሰፊ የሣር ሜዳ ነው። የሊበን ላርክ የምትባለው ወፍ ለሳይንስ የታወቀችው በ1968 እ.ኤ.አ. በዚሁ አካባቢ ነው። ለረጅም ጊዜ ሌላ ቦታ ትኖራለች ተብሎ አይታሰብም ነበር። በኋላ ግን በጅግጅጋ በኩል ያለችው ወፍ ራሷ እንደሆነች ተረጋገጠ፤ እዚያ ያሉትም ጥቂት ናቸው። በ2009 እ.ኤ.አ. ተመራማሪዎች ማስጠንቀቂያ ሰጡ። ነገሩ በዚሁ ከቀጠለ በአፍሪካ ዋና ምድር ላይ በታሪክ የተመዘገበው የመጀመሪያው የወፍ መጥፋት የሊበን ላርክ ሊሆን ይችላል አሉ።

ለምን? ወፏ መሬት ላይ፣ የሣር ጉጥ ሥር ተጠግታ ነው ጎጆ የምትሠራው። ወንዱ ወደ ላይ ተነስቶ እየዘፈነ ይበራል፤ መልሶ ሣሩ ውስጥ ይወርዳል። ሁለቱም ቁመት ያለው ሣር ይፈልጋሉ። ሜዳው ግን ሣሩ ተላጨ። ከፊሉ ታረሰ። ከዳሩ ደግሞ ቁጥቋጦ ወረረው። ይሄ የቁጥቋጦ ነገር የራሱ ታሪክ አለው። የቦረናና የጉጂ አርብቶ አደር ከጥንት ጀምሮ ግጦሹን በየጊዜው ያቃጥል ነበር። እሳቱ እሾሃማውን ችግኝ ይገድላል፤ ሣሩ ግን ከሥሩ ያቆጠቁጣል። በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. መንግሥት ማቃጠልን ከለከለ። ጥሩ ያደረገ መስሎት ነው። ውጤቱ ግን ቁጥቋጦ ሆነ። በዚህ ላይ በየወቅቱ ይንቀሳቀስ የነበረው ከብት አንድ ቦታ ሰፍሮ ሲቀር፣ ሣሩ ማረፊያ ጊዜ አጣ።

ይህን ያመጣው ጥበቃ ነው? አይደለም። የአርብቶ አደሩ የራሱ የአያያዝ ሥርዓት ስለተሰበረ ነው። ወፏም ከብቱም የተጎዱት በአንድ ነገር ነው። አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ በከሸፉበት፣ ከ2020 እ.ኤ.አ. ወዲህ በነበረው ድርቅ፣ ቦረና ምን ያህል ከብት እንደቀበረ አገር ያየው ነው። ሣር ያለው ሜዳ ድርቅን አያስቀርም። ከብቱ ግን ጥቂት ተጨማሪ ሳምንታት እንዲቆም ያደርጋል፤ በድርቅ ጊዜ ደግሞ ጥቂት ሳምንት ብዙ ነው።

«ተከለከለ» የተባለውስ? በሊበን የተሠራው ካሎ ነው። ካሎ ፈረንጅ ይዞት የመጣ ነገር አይደለም። ማኅበረሰቡ ለጥጆችና ለደከሙ ከብቶች ብሎ ከጥንት የሚከልለው ግጦሽ ነው። በድርቅ ጊዜ አቅም ያጣች ላም ሩቅ መሄድ ስለማትችል እዚያ ትገባለች። የጥበቃ ሥራው ያደረገው ይህንኑ ማስፋት ነው። ቁጥቋጦውን ነዋሪው መነጠረ፤ አጥሩንም ከዚያው ከመነጠረው እሾህ ሠራ። መቼ እንደሚከፈትና የማን ከብት እንደሚገባ የሚወስነው ራሱ ነው። ከከለሉት በኋላ ሣሩ ቶሎ ነው የተመለሰው። ላርኳም ወደ ሣሩ ገባች። ለሷ ብሎ ማንም አንድ ጥጃ አላባረረም፤ እንዲያውም በጥጆቹ ጥላ ሥር ነው የተጠለለችው።

በአንጻሩ ጸሐፊው ይጠቅማል ያሉት እርሻ ሊበን ላይ ተሞክሯል። ዝናቡ የሚቆራረጥ አገር ነው። በቆሎው ብዙውን ዓመት ሳይደርስ ይቀራል። የታረሰው መሬት ግን ወደ ሣርነት በቀላሉ አይመለስም። ምርቱ ሲከሽፍ ገበሬውም አልተጠቀመም፣ ሣሩም ጠፋ።

መፈናቀልን በተመለከተ ነጭ ሳርን አንስተዋል። ትክክል ናቸው። በ2004 እ.ኤ.አ. የጉጂ አርብቶ አደሮች ከነጭ ሳር ፓርክ በግድ እንዲወጡ ተደርገዋል። ያ ስህተት ነበር፤ የጥበቃ ሰው ነኝ የሚል ሁሉ በግልጽ ሊለው ይገባል። የነጭ ሳር ጥፋት ግን በርጋንና ሊበንን አያስወቅስም። አንዱ ቦታ ሰው በግድ ወጣ። ሌሎቹ ሁለቱ ቦታዎች ሰው ካልኖረበት ሜዳውም አይኖርም፤ ካሎውን የሚከልለው፣ ቁጥቋጦውን የሚመነጥረው፣ ድርቆሹን የሚያጭደው እሱ ነውና።

የቀረው «ያደጉት አድርቀው አደጉ» የሚለው ነው። አንድ ምሳሌ ልስጥ፤ እስራኤል ያሉ ወገኖቻችን ቦታውን ያውቁት ይሆናል። በሰሜን እስራኤል የሑላ ረግረግ ነበር። በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. አደረቁት። ወባን ማጥፋትና የእርሻ መሬት ማግኘት ነበር ዓላማው። መጀመሪያ ላይ ትልቅ ድል ተባለ። ከዚያ ከሥር የነበረው ብስባሽ አፈር ደረቀ። ውስጥ ለውስጥ እየነደደ አስቸገረ፤ መሬቱ ሰመጠ። ከአፈሩ የታጠበው ናይትሬት የሚባለው ንጥረ ነገር ደግሞ ወደ ኪኔሬት፣ ማለት ወደ ገሊላ ሐይቅ ወረደ። አገሪቱ ያኔ በዋናነት የምትጠጣው እሱን ነበር። በ1994 እ.ኤ.አ. ከፊሉን መልሰው በውሃ ሞሉት። ጠፍታለች የተባለች የሑላ እንቁራሪት እንኳ በ2011 እ.ኤ.አ. ተመልሳ ታየች። እንግዲህ ያደጉት አገሮች አድርቀው ብቻ አልቀሩም፤ ቆይተው ብዙ ከፍለው መልሰው አርጥበዋል። እኛ የመጀመሪያውን ምዕራፍ ብቻ አንብበን መጽሐፉን ለምን እንዘጋለን?

ሑላን ያነሳሁት በሌላም ምክንያት ነው። ክሬን የሚባሉት ባለ ረጅም እግር ወፎች በመኸር ከሰሜን መጥተው እዚያ በአሥር ሺዎች ያርፋሉ። ማሳ ያጠፋሉ፤ ይህን አልደብቅም። እዚያ ያለው ገበሬ መፍትሔ ያገኘው በቆሎ ለብቻ በተለየ ቦታ እንዲበተንላቸው በማድረግ ነው፤ ማሳው በዚያ ተረፈ። ከነዚሁ ወፎች ከፊሎቹ ወደ እኛ ይዘልቃሉ። መከታተያ መሣሪያ ታስሮላቸው ከኢስቶኒያ የተነሱ ክሬኖች ኢትዮጵያ ድረስ መጥተዋል። ጣና ዳር፣ ፎገራ ላይ ይከርማሉ። ፎገራ ውስጥ ሸሸርና ወላላ የሚባሉ ረግረጎች አሉ፤ በእርሻ እየተበሉ ጠበዋል። ሩዝ ፎገራን እንደጠቀመ አልክድም። የብዙ ሰው ኑሮ ተለውጧል። ግን የፎገራን ላም፣ በወተቷ የታወቀችውን፣ እዚያው ሄዶ የሚፈልግ ሰው ጥቂት ይቸገራል። ላሟን ያሳደጋት ያ ረግረግ ነው። ጸሐፊው ሩዙን ቆጥረው ላሟን ረስተዋታል።

ላጠቃላይ ጥያቄያቸው ሳይሆን ለአንድ የተለየ ጥያቄያቸው መልስ ሰጥቼ ልተው። «ጨፌው ሲከለከል ሣር አጭዳ የምትሸጥ ምስኪን ሴት ምን ትብላ?» ብለዋል። ይህ ተገቢ ጥያቄ ነው። ከብት የሌላት፣ በነዋሪው ስብሰባ ላይም ስሟ የማይጠራ ሰው አለች። ክልከላው ሲወሰን ድርሻዋ አብሮ መወሰን አለበት፤ ከታጨደው ድርቆሽ ስንት ሸክም ለማን ተብሎ፣ በስም። በየቦታው ይህ ተደርጓል ብዬ አልከራከርም። ጸሐፊው በዚህ ላይ ቢጽፉ ግን እኔም አብሬያቸው እጽፋለሁ። ጨፌውን ማረስ ለዚያች ሴት መልስ አይሆንም። ከታረሰ በኋላ የምታጭደው ሣር የለም፤ ማሳው ደግሞ የሷ አይደለም።